የታችኛው ማሳ ወርቅ

ቅዳሜ ጧት ቪርጂሊዮ ካሳሬቶ ከአልጋቸው ተነሥተው ከሁሉ አስቀድመው የሚሠሩት ሥራ የሱሪያቸውን ጫፍ መቀልበስ ነበር። ሁለት ጊዜ ወደ ላይ ያጥፉታል፤ በግራው እጥፋት ውስጥ ጥፍር የምታክል የሻማ ሰም ይለጥፋሉ፤ በሰሙ ላይ ደግሞ ጤፍ ጤፍ የሚያካክሉ አራት አምስት የወርቅ ቅንጣቶች በመርፌ ጫፍ እያነሡ ያሳርፋሉ። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ለዚህች ሥራ ግን መነጽር አይፈልጉም። ከዚያ ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ የብረት ገበቴያቸውን በብብታቸው ይዘው፣ በወይኑ ረድፎች መካከል ቀስ እያሉ ወደ ቶዮን ወንዝ ይወርዳሉ።

በሴራ ተራሮች ግርጌ በሚገኘው በዚያ ሸለቆ ወርቁ ካለቀ ብዙ ዘመን ሆኖታል። የቀረው ወይን ነው። የድሮው የወርቅ ጉድጓድ አፍ በሳንቃ ተደፍኖ እሾህ በቅሎበታል፤ ዙሪያውን ግን ሽቦ ሳይደግፋቸው፣ መስኖ ሳይደርሳቸው፣ በገዛ ጉልበታቸው መቶ ዓመት የቆሙት ጠማማ የወይን ግንዶች እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው ተሰልፈዋል። ከሳክራሜንቶና ከሳንፍራንሲስኮ የሚመጡ እንግዶች የቪርጂሊዮ የወንድም ልጅ ኮሪን በጎተራው ውስጥ የምታስቀምሰውን ወይን ይቀምሳሉ። መቅመሱ የሰለቸው፣ ወይም መኪና መንዳት ያለበት ደግሞ ወርቅ ፍለጋ አሸዋ ሊያጥብ ወደ ሽማግሌው ይወርዳል።

«እንደ ሕፃን ይያዙት እንጂ እንደ መጥበሻ አይነቅንቁት!» ይላሉ ቪርጂሊዮ። «ወርቅ ሰነፍ ነው፤ ከታች መተኛት ነው የሚወደው። አሸዋው ይሂድ፣ እሱ ይተኛ።»

መጀመሪያ ራሳቸው ተንበርክከው ያሳያሉ። ጉልበታቸው ሲንቋቋ፣ «ይቺ ቀኟ ናት፤ ግራዋ አሁን ትመልስላታለች» ብለው እንግዳውን ያስቃሉ። የሚሥቅ ሰው የሌላውን እጅ አያይም። በዚያች ሣቅ መካከል አውራ ጣታቸው እጥፋቱን ትነካለች፣ አሸዋውን ትነካለች፣ አለቀ። «በሉ አሁን እርስዎ» ብለው ገበቴውን ያቀብላሉ። ጥቂት ቆይቶ ከወንዙ ዳር ጩኸት ይሰማል፤ በገበቴው ግርጌ ከሚቀረው ጥቁር አሸዋ ጅራት ላይ አንዲት ቢጫ ነጥብ ታበራለች።

«በእውነት ከዚህ ወንዝ ነው?»

«ከዚሁ ወንዝ ነው» ይላሉ ሽማግሌው። ይህን ሲሉ አልዋሹም።

ወርቁ የባለቤታቸው የቴሬሲና ነበር። በሺህ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ አራቱ ክረምት፣ በተጋቡ በመጀመሪያው ዓመት፣ ወይን የሚገዛ ጠፍቶ ፍሬው ከነዘለላው ግንዱ ላይ ደረቀ። ባልና ሚስቱ ያን ክረምት እስከ ጉልበታቸው ውኃ ውስጥ ቆመው አሸዋ ሲያጥቡ ከረሙ። ጉልበቱ የቪርጂሊዮ ነበር፤ ዓይኑ ግን የእሷ። እሳቸው አንድ ሲያገኙ እሷ ሦስት ታገኛለች። «አንተ እኮ ጠጠር ታጥብና ንጹሕ ጠጠር ታወጣለህ!» እያለች ትሥቅባቸው ነበር። ያገኙት በዱቄትና በጫማ አለቀ። የመጨረሻውን ግን ቴሬሲና በአንዲት የጉሎ ዘይት ጠርሙስ ከታ፣ በቡሽ ደፍና፣ ከቁም ሣጥኑ አናት ላይ አኖረችው።

«ይቺ ለክፉ ቀን ናት» አለች።

ክፉ ቀን ደግሞ አልጠፋም። የጎተራው ጣሪያ በእሳት ሄደ። ቪርጂሊዮ ከበቅሎ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። አንድ ዓመት የጸደይ ውርጭ እምቡጡን ሁሉ ጠራርጎ ወሰደው። በየጊዜው ሽማግሌው ወደ ቁም ሣጥኑ አናት ቀና ሲሉ ቴሬሲና ወገቧን ይዛ ትቆማለች።

«ይሄ ነው ክፉ ቀን?»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ይሄማ እንዲሁ የማይመች ቀን ነው። ክፉ ቀን የመጣ ጊዜ እኔ እነግርሃለሁ።»

ሳትነግራቸው ሞተች። በቀብሯ ማግስት ጠርሙሷን አውርደው ብርሃን ላይ አዩዋት፤ ከዚያ መልሰው ሰቀሏት። በተከታዩ ጸደይ አንዲት ከከተማ የመጣች ትንሽ ልጅ ግማሽ ቀን ሙሉ አሸዋ አጥባ ምንም ሳታገኝ ቀረችና ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች። ቪርጂሊዮ ጥቂት አዩዋት። ኋላ «መጣሁ» ብለው ወደ ቤት ወጡ፤ ሲመለሱ ሦስት ቅንጣቶች በአውራ ጣታቸው ጥፍር ሥር ነበሩ። የልጅቱ ጩኸት እስከ ጎተራው ተሰማ። ቴሬሲና ከሞተች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቪርጂሊዮ ያን ዕለት እራታቸውን ጨርሰው በሉ። ይኸው ከዚያ ወዲህ ዘጠኝ ዓመት።

ለማንም አልተናገሩም። የማይናገሩበት ምክንያት ነበራቸው።

በዚያ አገር፣ ባዶ ጉድጓድ ውስጥ ወርቅ በትኖ ጉድጓዱን ለየዋህ መሸጥ የቆየ ሌብነት ነው፤ «ጨው መነስነስ» ይሉታል። የካሳሬቶ ቤተሰብ ደግሞ ከዚያ ሌብነት የበቀለ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የቪርጂሊዮ አያት ባቲስታ ከጄኖቫ በላይ ካሉት ኮረብቶች ወርዶ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ ያለ የሌለውን አውጥቶ የገዛው ጉድጓድ ጨው የተነሰነሰበት ነበር። ሦስት ወር ቆፍሮ ያገኘው ውኃ ብቻ ነው። የሸጠለት ሰው የገባበት አልታወቀም። ባቲስታ በጉድጓዱ አፍ ቁጭ ብሎ አለቀሰ አሉ፤ ከዚያ አፍንጫውን ጠርጎ የወይን ቁራጭ ተከለ። ታችኛው ማሳ የሚባለው ያ ነው። ከዚያ ወዲህ በካሳሬቶ ቤት «ሌባ» የሚል ስድብ ይታለፋል፤ «ጨው ነስናሽ» የሚል ግን አይታለፍም። ቪርጂሊዮ በልጅነታቸው ወንድማቸውን አንድ ጊዜ በዚህ ቃል ሰድበው አባታቸው ለሦስት ቀን ከማዕድ አስነሥተዋቸዋል፤ የበቆሎ ገንፏቸውን ከበቅሎዎቹ ጋር በሉ።

ሚስተር ሆልምበርግ የመጣው በሦስተኛው የድርቅ ዓመት፣ የወይን ለቀማው በተጀመረበት ሰሞን ነው። ጡረታ የወጣ የድልድይ መሐንዲስ፣ ረጅም፣ ጨዋ፣ የደረት ኪሱ በእርሳስ የተሞላ ሰው ነበር። በመጀመሪያው ቅዳሜ ሁለት ቅንጣት አገኘ። የጮኸው እንደ ልጅ ስለ ነበረ ቪርጂሊዮ ወደዱት። በሁለተኛው ቅዳሜም ሁለት ሰጡት፤ በሦስተኛው፣ መንገዱ ሩቅ መሆኑን አስበው፣ ሦስት።

«አንድ ጊዜ ቢሆን ዕድል ነው እላለሁ» አለ ሆልምበርግ ሰባቱን ቅንጣት በትንሽ ብልቃጥ እያየ። «ሦስት ጊዜ ከሆነ ግን የወርቅ ሥር አለ ማለት ነው። አደራዎን፣ ለማንም እንዳይነግሩ።»

«ኧረ ለማን ብዬ» አሉ ቪርጂሊዮ። በሆዳቸው ሣቁ።

ሣቁ እስከ ማክሰኞ ነበር። ማክሰኞ ረፋድ ላይ ቪርጂሊዮ በታችኛው ማሳ ወይን ሲለቅሙ ኮሪን ከጎተራው እየሮጠች ወረደች። በሌላው ረድፍ ኤቫሪስቶ ነበር፤ በጎረምሳነቱ ከደቡቡ ድንበር ማዶ፣ ከሚቾዋካን መጥቶ እነዚያን ግንዶች ሠላሳ ዓመት የገረዘ ሰው ነው።

«አጎቴ፣ ሆልምበርግ ደወለ» አለች ኮሪን።

«ናፈቅኩት እንዴ?»

«ታችኛውን ማሳ ሊከራይ ይፈልጋል። ስድስቱን ረድፍ ነቅሎ እስከ ዐለቱ ድረስ ሊቆፍር። ወርቁ ታጥቦ ወደ ወንዙ የሚወርደው ከዚህ ነው ይላል። እሑድ ምሳ ላይ ወረቀቱን ይዞ ይመጣል።»

ቪርጂሊዮ በእጃቸው የያዙት ዘለላ ወደቀ።

«አንቺ ምን አልሽው?»

«እሑድ እነግርሃለሁ አልኩት። አጎቴ፣ እንደዚያ አይዩኝ። ይዩት እስቲ ሣጥኑን፤ ስድስት ረድፍ ሙሉ ለቅመን ሁለት ሣጥን! ሦስት ዓመት ሙሉ ዝናብ የለም። የጎተራው ጣሪያ ያፈሳል…»

«ዝናብ ከሌለ ምኑን ነው የሚያፈሰው?» አለ ኤቫሪስቶ ከወዲያኛው ረድፍ።

«አንተ ዝም በልና ልቀም!» አለች ኮሪን፤ ወደ አጎቷ ዞረች። «እኔ መንቀል እፈልጋለሁ እንዴ? ግን ወርቅ ካለ ምን ላድርግ? ያሳዩትም እርስዎ ራስዎ ነዎት።»

ማሳው በኮሪን ስም ነበር። ቴሬሲና በሞተች ዓመት ቪርጂሊዮ ድርሻቸውን አዙረውላታል። እሺም እምቢም የምትለው እሷ ናት። ሽማግሌው እውነቱን ሊነግሯት ፈለጉ። የወንድማቸው ልጅ፣ ያውም በባቲስታ ማሳ ላይ ቆማ፣ ጨው ነስናሽ መሆናቸውን ልትሰማ? «ቆዪ ላስብበት» ብለው ወደ ለቀማቸው ተመለሱ። ኮሪን ወጥታ ሄደች።

«ዶን ቪርጂሊዮ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?» አለ ኤቫሪስቶ በአገሩ የአክብሮት አጠራር።

«ምን?»

«ሱሪዎ ላይ የሻማ ሰም ምን ይሠራል? ቤተ ክርስቲያን ከሳሙ እኮ ዘጠኝ ዓመትዎ ነው።»

«ሥራህን ሥራ።»

«እሺ ጌታው። እኔ የማውቀው መግረዝ ብቻ ነው።» አንዱን ግንድ በመዳፉ መታ መታ አደረገው። «ይሄን ሠላሳ ጊዜ ገርዤዋለሁ። ፀጉሩን የምቆርጥለት አባቴ ነው የሚመስለኝ።»

ያን ሳምንት ቪርጂሊዮ ጠርሙሷን በየቀኑ አወረዱ። ዐሥራ አንድ ቅንጣቶች ቀርተዋል። ወይ ስማቸው ይሄዳል፣ ወይ ስድስቱ ረድፍ ይሄዳል። ሐሙስ ዕለት ለኮሪን ሊነግሯት እስከ ጎተራው በር ደርሰው የአየሩን ነገር አውርተው ተመለሱ። ዓርብም እንዲሁ። «አንተ ደግሞ አየር ትንበያ ሆንክ?» ትላቸው ነበር ቴሬሲና ብትኖር።

እሑድ ማዕዱ ከጎተራው በር ፊት ለፊት፣ ከትልቁ የለውዝ ዛፍ ሥር ተዘረጋ። ኮሪን ራቪዮሊውን፣ እየተሞላ የሚቀቀለውን የሊጥ ምግብ፣ በቴሬሲና አሠራር ሠርታዋለች። ሆልምበርግ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ ወረቀቱን ከሳህኑ አጠገብ አኑሮ፣ ለምግቡ አድናቆት ሳይሰስት ይበላል። ኤቫሪስቶ ከማዕዱ ጫፍ ተቀምጦ የሽማግሌውን ሱሪ አየ። በዕለተ ሰንበት ጫፉ ተቀልብሷል።

ሆልምበርግ አፉን ጠርጎ አንዱን እርሳስ ከኪሱ ሲያወጣ ቪርጂሊዮ ተነሥተው ቆሙ።

«ሚስተር ሆልምበርግ፣ ወንዙ ውስጥ ወርቅ የለም። የነሰነስኩት እኔ ነኝ።»

ኮሪን ሹካዋን አስቀመጠች። «ምን አሉ?»

«ጨው ነሰነስኩ። ዘጠኝ ዓመት።»

ሆልምበርግ አልተቆጣም፤ ፈገግ አለ፤ የፈገግታው ደግነት ነው ሽማግሌውን ያቃጠላቸው። «ይገባኛል» አለ። «እኔም የአባቴ ቤት ሊሸጥ ሲል ያላልኩት ነገር አልነበረም። መሠረቱን ምስጥ በልቶታል ሁሉ ብያለሁ።»

«አጎቴ» አለች ኮሪን፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ከፈለጉ ይቆጡኝ። ከፈለጉ ይርገሙኝ። ግን ለወይን ግንድ ብለው በዚህ ስም ራስዎን አይጥሩ። በዚህ ማዕድ ላይ እንኳ አይሆንም!»

ዘጠኝ ዓመት ሲያታልሉ አንድም ሰው ጠይቋቸው አያውቅም፤ እውነቱን ሲያወጡ የሚያምናቸው ጠፋ። ቪርጂሊዮ ባርኔጣቸውን አውልቀው እንደገና ደፉት።

«ኤቫሪስቶ፣ ገበቴዬን አምጣ። እርስዎ ደግሞ፣ ሚስተር ሆልምበርግ፣ አፈር ያምጡልኝ። ከወደዱት ቦታ። ከወንዙ ግን አይሁን።»

ሆልምበርግ ሽማግሌውን ላለማሳዘን ሲል ተነሣ። ዙሪያውን አየ። ከጎተራው በር አጠገብ ኮሪን ያስቀመጠችውን የአበባ ማሰሮ አነሣ።

«ጄራኒየሜን!» አለች ኮሪን። «አፈሩ እኮ ባለፈው ወር ከከተማ በከረጢት የተገዛ ነው።»

«ደግ ነው» አሉ ቪርጂሊዮ። «የተገዛ አፈር እናጥባለን።»

አበባዋን ከነሥሯ ነቅለው ለኤቫሪስቶ አስያዙት። አፈሩን ገበቴው ላይ ገልብጠው ከቧንቧው ሥር ካለው የቆርቆሮ ገንዳ አጠገብ ተንበረከኩ። ጉልበታቸው ተንቋቋ። «ይቺ ቀኟ ናት» አሉ፤ «ግራዋ አሁን ትመልስላታለች።» ኮሪን እንባዋ ሳይደርቅ ሣቀች፤ ሆልምበርግም ሣቀ። ጭቃው ሄደ፣ ገለባው ሄደ፣ አሸዋው በቀስታ ሄደ። ሽማግሌው ገበቴውን ወደ ፀሐይ አዘነበሉት።

ሆልምበርግ ጎንበስ ብሎ በእርሳሱ ጫፍ ቆጠረ። ዐሥራ አንድ።

«ከአበባ ማሰሮ» አለ።

«ማሰሮውን ሊከራዩት ይችላሉ» አሉ ቪርጂሊዮ። «ወይኑን ግን ይተዉልኝ።»

ከዚያ እግራቸውን ዘርግተው የሱሪያቸውን እጥፋት ፈቱ። ሰሙ ወደቀ። ስለ ቴሬሲና ተናገሩ፤ ስለ ሠላሳ አራቱ ክረምት፣ ስለ ጠርሙሷ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ስላለቀሰችው ልጅ። የሆልምበርግ ፊት እስከ ጆሮው ቀላ። ተመልሶ ተቀመጠ፣ ወይን ቀዳ፣ ብርጭቆውን በአንድ ትንፋሽ ጨረሰው።

«ሳላስመረምር!» አለ ለራሱ። «አርባ ዓመት አፈሩን ሳላስመረምር አንድ ምሰሶ አላቆምኩም። ለማንም እንዳይነገር ብዬ…» ጭንቅላቱን ነቀነቀ። «ያገኘኋቸው ሰባቱስ? ሐሰተኛ ናቸው?»

«ምን ነካዎት? የባለቤቴ እጅ ያጠባቸው ንጹሕ ወርቅ ናቸው። የእርስዎ ናቸው።»

ሆልምበርግ ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፎ ከእርሳሶቹ ኋላ ከተተው። ሲሄድ የሽማግሌውን እጅ ይዞ ብዙ ቆየ። ኮሪን ግን አጎቷን ቀና ብላ አላየቻቸውም። ሳህኖቹን እያንቋቋች ሰብስባ ገባች። ቪርጂሊዮ የገበቴውን ዝቃጭ ከነወርቁ ወደ ማሰሮው መልሰው ጄራኒየሟን ተከሉ፤ አጠጧትም።

ቤታቸው ሲገቡ ባዶዋን ጠርሙስ በቡሽዋ ደፍነው ከቁም ሣጥኑ አናት፣ ከድሮ ቦታዋ አኖሯት።

«ክፉው ቀን ዛሬ ነበረ» አሏት።

ኮሪን ሦስት ቀን አላናገረቻቸውም። በአራተኛው ቀን ሽማግሌው በርሜል ሲያጥቡ መጥታ ከኋላቸው ቆመች። ጎተራው በሚፈላው የወይን ጭማቂ ሽታ ታፍኗል።

«ማን ማን ያውቅ ነበር?»

«ቴሬሲና።»

«አጎቴ!»

«ኤቫሪስቶም ሳያውቅ አይቀርም። የሱሪዬን ሰም ሲቆጥር ነው የከረመው።»

ከንፈሯን ነከሰች፤ ሣቅዋን ላለማሳየት ነበር። «በኔ ቤት፣ በኔ እንግዶች ላይ! ሰው ሁሉ የካሳሬቶ ወይን እያለ የሚመጣው ስማችንን አምኖ ነው። አያትዎ ባቲስታ ቢሰሙ ምን ይላሉ?»

«ባቲስታ ጨው ሲነሰነስበት ወይኑን ተከለው። እኔ ነስንሼ ልነቅልበት ነበር።» ቪርጂሊዮ ብሩሹን አስቀመጡ፤ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ዐውቃለሁ ልጄ። አታላይ ነኝ። ከማዕድ አስነሺኝ ብትይ እነሣለሁ፤ መንገዱን ዐውቀዋለሁ፣ በቅሎዎቹ ብቻ ናቸው የሌሉት።»

ኮሪን ብሩሹን አነሣችና በርሜሉን በሌላ በኩል ማሸት ጀመረች።

«ከቅዳሜ ጀምሮ ለሚመጣው ሰው ሁሉ እውነቱን ይናገራሉ። ካልሆነ ወንዝ አይወርዱም።»

«ያን ጊዜ ማን ይመጣል?»

«አይምጣ።»

ቅዳሜ ቪርጂሊዮ የሱሪያቸው ጫፍ ቁርጭምጭሚታቸውን ሸፍኖ ወረዱ። ወደ ወንዙ ለወረዱት ስድስት እንግዶች ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ «ወርቅ የለም» አሉ። «ባለቤቴ በሠላሳ አራት ጠርጋ ወስዳዋለች። ከዚያ በኋላ ያለው እኔ የነሰነስኩት ነው፤ እሱም አልቋል።» አራቱ ተያይተው ወደ ወይኑ ተመለሱ። አንዱ ፎቶግራፍ አነሣቸውና ተከተላቸው። የቀረችው አንዲት ሸበቶ ሴት ነበረች፤ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ውኃው ውስጥ ነክራለች።

«እርስዎ አይሄዱም?»

«ጫማው ፈጅቶኛል» አለች ሴትየዋ። «ይልቅ ያሳዩኝ።»

«የለም እያልኩዎት?»

«ሰማሁ እኮ። ያሳዩኝ።»

አሳዩአት። ጉልበታቸው ተንቋቋ፤ ስለ ግራና ቀኙ ቀለዱ፤ ሴትየዋ ሣቀች፤ አውራ ጣታቸው ግን የምትሄድበት ስላልነበራት ገበቴው ጠርዝ ላይ ዝም ብላ ቀረች። ሴትየዋ ከወንዙ መታጠፊያ በታች ካለው ጠጠር ዘግና፣ እንደ ሕፃን ይዛ፣ ሳትቸኩል አጠበች። ፀሐይዋ ከወይኑ ማሳ በላይ ወጣች። ኤቫሪስቶ ባዶ ሣጥን ተሸክሞ ሲያልፍ ቆም አለ።

«ይሄስ ምንድን ነው?» አለች ሴትየዋ።

ቪርጂሊዮ ጎንበስ አሉ። በጥቁሩ አሸዋ ጅራት ላይ አንዲት ቅንጣት ተኝታለች። ወደ ሱሪያቸው ጫፍ አዩ። የጥፍራቸውን ሥር አዩ። ከዚያ ወደ መታጠፊያው ቀና አሉ፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስንቱ እንግዳ ሲያገኝ በደስታ ዘሎ ገበቴውን ያንገጫገጨው፣ ስንቱ ልጅ ለእናቱ ሊያሳይ ሲሮጥ ተደናቅፎ ቅንጣቱን ወደ ውኃው የመለሰው እዚያ ላይ ነበር።

«ዶን ቪርጂሊዮ!» አለ ኤቫሪስቶ። «አልቋል አላሉም እንዴ?»

ሴትየዋ ይሄኔ ጮኸች፤ ጩኸቷ ኮረብታውን ወጣ። ኮሪን ከጎተራው ብቅ አለች። በሩ ላይ፣ ከጄራኒየሟ አጠገብ፣ ወገቧን ይዛ ቆመች፤ ከሩቅ ሲያዩአት የቴሬሲና አቋቋም ነው።

ቪርጂሊዮ ባርኔጣቸውን ጥለው ወደ ማሳው ወጡና በወይን ግንዶቹ መካከል ሁለት እጃቸውን ወደ ሰማይ አነሡ፤ መዳፋቸውን ዘርግተው፣ ያልተቀለበሰ ሱሪያቸውን አንድ እግር አንሥተው እያሳዩ፣ የሣቅ እንባቸው በጢማቸው ላይ ወረደ።

«እኔ አይደለሁም!» አሉ። «ኮሪን፣ በቴሬሲና ይሁንብኝ፣ እኔ አይደለሁም!»